የክረምት ንባብን በልጆች ጥያቄ መምራት፦ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች

ሰኔ 30 ካርድ ተሰጥቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የቤተ መጻሕፍቱም በር ይቆለፋል። ተማሪው ለማንበብ ሰፊ ጊዜ የሚያገኝባቸው ሐምሌና ነሐሴ፣ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው የሚከርሙባቸው ወራት ይሆናሉ። ይህን ለመለወጥ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ይስማማል፤ መሠረቱም አንድ ነው፦ መጽሐፉንም ጥያቄውንም ልጁ ራሱ ይምረጥ።

1. ፈቃዱን በግንቦት ጨርሱ

ሰኔ የቆጠራና የክሊራንስ ወር ስለሆነ ማንም ጆሮ አይሰጣችሁም። መጽሐፍ የሚቆለፈው ባለሙያው የጠፋው ሁሉ ከደመወዙ እንዳይቆረጥበት ስለሚሰጋ ነው፤ ይህን ስጋት ሳያነሱ አውሱ ማለት ዋጋ የለውም። የመማሪያ መጻሕፍት እንደ ወትሮው ይመለሱ። ልብ ወለድ፣ ተረት፣ ታሪክና አጋዥ መጻሕፍት ግን ለብቻ ይመዝገቡና በክረምት እንዲዋሱ ርእሰ መምህሩና የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ይወስኑ። መጽሐፍ ቢጠፋ ወይም ዝናብ ቢያበላሸው ማን እንደሚተካ ውሳኔው በግልጽ ይናገር፤ በቃለ ጉባኤም ይስፈር። በቃል የተሰጠ ፈቃድ መስከረም ላይ አያድናችሁም።

2. መጽሐፉን ልጁ ይምረጥ

መጻሕፍቱን ሽፋናቸው እንዲታይ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፤ ልጁ የመጀመሪያውን ገጽ ያንብብና ያልጣመውን ይመልስ። ሪቻርድ አሊንግተንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ድሆች በሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሥራ፣ ልጆች ለ3 ዓመት በየረጅሙ ዕረፍት ራሳቸው የመረጧቸውን 12 መጻሕፍት ወስደዋል፤ የንባብ ውጤታቸውም መጽሐፍ ካልተሰጣቸው እኩዮቻቸው በልጧል። 12 ከሌላችሁ 2 ወይም 3 ስጡ። እኔ ከሚሰጡት አንዱ ለታናናሾች ጮክ ተብሎ የሚነበብ እንዲሆን እመርጣለሁ፤ እንደ ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ያለ። ዝናብ በማያስገባ ነገር ጠቅልላችሁ፣ የወላጅ ስልክ መዝግባችሁ ስጡ።

3. ጥያቄው ላይ ግን ቀስ በሉ

ሥራው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ልጆችን «የምትመራመሩበት ጥያቄ ጻፉ» ብትሏቸው፣ እኛ ደስ ይለናል ብለው የሚያስቡትን ይጽፋሉ፦ «የደን ጥቅም ምንድን ነው?» «የዓድዋ ድል መቼ ሆነ?» መልሱ መማሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ አለ፤ ሐምሌ 1 ገልብጠው ይጨርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ የሚገልጡበት ምክንያት አይኖራቸውም።

ስለዚህ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለጥያቄ ብቻ መድቡ። ዳን ሮትስታይንና ሉዝ ሳንታና ያስፋፉት ዘዴ አራት ሕጎች አሉት፦ የመጣላችሁን ሁሉ ጠይቁ፤ ለመመለስም ሆነ ለመተቸት አትቁሙ፤ ጥያቄው እንደተነገረ ይጻፍ፤ ዐረፍተ ነገር ሆኖ የመጣውን ወደ ጥያቄ ለውጡት። ልጆቹን አራት አራት አድርጋችሁ አንዱ ጸሐፊ ይሁን። መነሻውም ጥያቄ አይሁን፤ «ክረምት በሰፈራችን» የምትል ሐረግ ትበቃለች። መጀመሪያ የሚመጡት የተለመዱ ጥያቄዎች ናቸው። ዝም ሲሉ አትደንግጡ፣ አታቋርጧቸውም፤ የራሳቸው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው።

ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ አንዱን ይመርጥና በሦስት ማጥለያ ያሳልፈው። በአንድ ቃል ይመለሳል? መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ተጽፏል? በሰፈሩ ወይም በሚሄድበት ገጠር የሚጠይቀው ሰው ወይም የሚያየው ነገር አለ? «ስለ ዝናብ» ሰፊ ነው፤ «በነሐሴ በእኛ ግቢ የሌሊቱ ዝናብ ከቀኑ በምን ይለያል?» ግን ይሠራል። ዝናቡን ለመለካት ጫፉ ተቆርጦ ወደ ውስጡ ተገልብጦ የገባበት ባዶ ሃይላንድና ማስመሪያ ይበቃል፤ ጎኑ ቀጥ እስካለበት ድረስ ውሃ ይሞላና መለካቱ ከዚያ ይጀመር። «አያቴ ልጅ ሳለ ይባል የነበረው ሆያ ሆዬ ከዛሬው በምን ይለያል?» የሚለውም ለቡሄ ሰሞን ይመቻል። ጥያቄው ወደ ወንዝ የሚወስድ ከሆነ ያለ ትልቅ ሰው እንዳይሄዱ አጥብቃችሁ ንገሩ፤ የክረምት ሙላት ድንገት ነው የሚደርሰው።

እባካችሁ፣ የልጁን ጥያቄ በራሳችሁ ቃል «አታሳምሩለት»። የተጣመመ ቢመስላችሁ «ይህን ለማወቅ ማንን ትጠይቃለህ?» በሉት፤ ራሱ ያቃናዋል። እናንተ ያቃናችሁት ጥያቄ የእናንተ የቤት ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ልጆቹ መሐል ላይ ይደናገራሉ። በተማሪዎች የምርምር ሂደት ላይ ለዓመታት ያጠናችው ካሮል ኩልታው፣ ሰው መረጃ መፈለግ ሲጀምር ጥርጣሬውና ግራ መጋባቱ የሚጨምርበት ምዕራፍ እንዳለ አሳይታለች። ሐምሌ አጋማሽ ላይ «አልቻልኩም» ብላ የመጣች ልጅ ሰነፍ አይደለችም፤ ሥራው ውስጥ ገብታለች ማለት ነው። ጥያቄዋን እንድታጠብ ወይም እንድትለውጥ ፍቀዱላት።

4. በሳምንት አንድ ጠዋት ክፈቱ

የገበያ ቀን አይሁን፤ ብዙ ልጆች ቤተሰባቸውን ያግዛሉ። መጽሐፍ ይለዋወጡ፣ ያገኙትን ለቡድናቸው ያውሩ፤ ውይይቱን ከፍ ያለ ክፍል ተማሪ ይምራው። ደብተራቸው ላይ ማን እንደነገራቸው፣ የት እንዳነበቡ፣ መቼ እንዳዩ ይጻፉ። ከስልክ ያገኙትን በመጽሐፍ ወይም በሚያውቅ ሰው ያመሳክሩ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ አለመስማማቱን ራሱን ይመዝግቡት።

5. መስከረም ላይ ይናገሩ

በሰልፍ ሰዓትና በክፍል ያቅርቡ፤ ወላጆችን ጥሩ። ነጥብ አትስጡ። ብዙ መጽሐፍ ላነበበ ሽልማት መስጠቱንም እኔ አልደግፍም፤ ልጆች ቀጭን ቀጭኑን እየለቀሙ ገጽ መዝለል ይለምዳሉ። መልስ ያላገኘ ልጅም እስከ የት እንደደረሰ ይናገር።

ከሁሉ በላይ ደብተሮቹን አትጣሉ። በሚቀጥለው ግንቦት የጥያቄውን ክፍለ ጊዜ እንዲመሩ እነዚህኑ ልጆች ጥሩ፤ አራቱን ሕጎች ለታናናሾቻቸው እነሱ ያስረዱ፣ ማጥለያውንም እነሱ ይያዙ። እናንተ ቁልፉን ይዛችሁ በሩን ክፈቱላቸው።