የመሪ ቃልና ሚዛን

ቡናችንን ለቅመን ገበያ ስናወርድ አስቀድመን የምናየው ሚዛኑን ነው። ሚዛኑ ካበለ የዓመት ልፋታችን ከንቱ ሆነ ማለት ነው። የመሪ ቃልም እንዲሁ ነው። ቃሉ ካበለ ሕዝብ ይጎዳል። እንዴት? ከታሪካችን እንይ።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ረሀብ ገባ። የንጉሡ ባለሥልጣኖች ወሬውን ደበቁት። የተደበቀ ረሀብ ደግሞ እህል የሚያመጣለት የለም። ብዙ ሰው አለቀ። በ1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ረሀቡን በፊልም አንሥቶ ለዓለም አሳየ። ደርግም ንጉሡን ሊያወርድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ያንን ፊልም በቴሌቪዥን አሳየ። ሕዝቡ ተቆጣ።

ደርግ ግን ያጋለጠውን ጥፋት ራሱ ደገመው። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 10ኛ ዓመቱን በድግስ ሲያከብር፣ በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሀብ ይረግፍ ነበር።

ወደ አገራችን ወደ ጌዴኦ እንምጣ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ከ800,000 በላይ ሰው ተፈናቀለ። በዲላ፣ በገደብና በሌላውም ቦታ ሕዝብ በየትምህርት ቤቱና በየመጠለያው ተጨናንቆ ከረመ። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው ተመለሱ አለ። ከተመለሱት ግን ቤታቸው ተቃጥሎ የጠበቃቸው፣ «በፈቃዳችን አልተመለስንም» ያሉም ብዙ ነበሩ። ቁጥር ተራ ነገር አይደለም። እርዳታ የሚመደበው በቁጥር ነው። «ተመልሰዋል» ተብሎ የተጻፈ ሰው ቤት ሳይኖረው ስሙ ከመዝገብ ሊወጣ ይችላል።

ዛሬ ውሸት በስልክ ይበራል። የዛሬ ውሸታም እውነቱን መደበቅ እንኳ አያስፈልገውም። ብዙ ወሬ ይደባልቅና «ማንን እንመን?» አሰኝቶን ዝም ያሰኘናል። ዝም ካልን መሪን የሚጠይቅ አይኖርም።

ምን እናድርግ? አባቶቻችን በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምተው አይፈርዱም። እኛም ወሬ ሲመጣ ማን አየ? የት? መቼ? ስንት? ብለን እንጠይቅ። ማንበብ ችለናልና በስማችን የተጻፈውን እናንብ። ትክክል ካልሆነ በስብሰባ ተነሥተን እንናገር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የተራበ ሰው ግን እስኪጠራ አይቆይም።

ጥያቄ፦
1. የተደበቀ ረሀብ ለምን ይብሳል?
2. በቀበሌያችን የተሳሳተ ቁጥር ቢጻፍ ማን ይጎዳል? እኛስ ምን እናደርጋለን?