የተጻፈው መልእክት ለዐይነ ስውራን ምእመናን እንዲደርስ

በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዐይነ ስውራን ሊቃውንት ዜማውንና ቅኔውን በቃል አጥንተው፣ ወንበር ዘርግተው ደቀ መዛሙርት ሲያፈሩ ኖረዋል። ትምህርቱ ከመምህሩ አንደበት ወደ ተማሪው ጆሮ ይተላለፍ ስለነበር ዐይነ ስውርነት ከጉባኤው አልለያቸውም። ዛሬ ግን የሰበካ ጉባኤ ጥሪና የሒሳብ ሪፖርት በወረቀት ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይላካል። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ ስልክ የያዘ ዐይነ ስውር ምእመን ፎቶው ይደርሰዋል፤ ቃሉ ግን አይደርሰውም።

ችግሩ ከምን ይመጣል?

ስክሪን ሪደር በኮምፒውተር ወይም በስልክ ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። በፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ግን በራሱ ለፕሮግራሙ ፊደል ሳይሆን ምስል ነው። ሌላም ምክንያት አለ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዩኒኮድ ውጭ በሆኑ በቀደሙት የአማርኛ መጻፊያዎች የተዘጋጁ ሰነዶች ለዐይን አማርኛ ቢሆኑም፣ ለስክሪን ሪደር ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ናቸው።

ምስልን ማንበብ በውስጡ ይካተትን?

ኦሲአር የሚባለው ሥልት በምስል ላይ ያሉትን ፊደላት ለይቶ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ይህ የሌላ ፕሮግራም ሥራ ነው የሚሉ አሉ፤ ስሕተቱ የሰነዱ ቃል ተደርጎ እንዳይሰማም ይሰጋሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው። እኛ ግን ሊካተት ይገባል እንላለን። የሕክምና ውጤቱን ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያውን ለማስነበብ ሰው የሚፈልግ ምእመን ምስጢሩን አብሮ ይሰጣል። ንባቡ በራሱ መሣሪያ ላይ ሲከናወን ምስጢሩ ይጠበቃል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሥራው አይቆምም።

ሁለት ዐይነ ስውራን አውስትራሊያውያን የጀመሩት፣ በነፃ የሚታደለው ኤንቪዲኤ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዊንዶውስ 10 ውስጥ ያለውን ኦሲአር በአንድ ትእዛዝ ያሠራል። ሆኖም የዊንዶውሱ ኦሲአር አማርኛን አልያዘም። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ግን አማርኛን ይለያል። እንግዲህ የጎደለው ዕውቀቱ ሳይሆን፣ ዕውቀቱን ለተጠቃሚው በቀላሉ ማድረስ ነው።

ጥንቃቄ

በፊደላችን አንዲት ቅጥያ ከተሳተች «ከፈለ» የነበረው «ከፈሉ» ይሆናል። ማኅተም ያረፈበት ቁጥርና የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራሉ። ስለዚህ የገንዘብ መጠንና ቀን በኦሲአር ብቻ ሊታመኑ አይገባም።

የእኛ ድርሻ

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት መረጃ በተደራሽ መልክ እንዲቀርብ ያዝዛል። በቡታጅራ የግራርቤት ተሐድሶ ማኅበር የዓይን ሕክምና ይሰጣል፤ ብርሃናቸው በሕክምና ላልተመለሰላቸው ወገኖች ግን ቃሉን የማድረስ ኃላፊነት የሁላችን ነው። ይህም ወጪ አይጠይቅም፦

- ማኅተም ካረፈበት ፎቶ ጋር ያው መልእክት በጽሑፍ ይላክ።
- ጸሓፊው በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ሰነዱንም አትሞ ፎቶ ከማንሣት ይልቅ ከኮምፒውተሩ በቀጥታ ይላክ።
- የቆዩ ሰነዶች በኦሲአር ሲለወጡ የሚያይ ሰው ከዋናው ጋር ያመሳክራቸው።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን ስንት ዐይነ ስውራን ምእመናን አሉ? ጥሪያችን የሚደርሳቸው እንዴት ነው?
2. ባለፈው ሩብ ዓመት ከላክናቸው መልእክቶች በፎቶ ብቻ የተላኩት የትኞቹ ናቸው?
3. ጌታችን በርጤሜዎስን ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ጠየቀው (ማር. 10)። እኛስ ከመወሰናችን በፊት ማንን ጠየቅን?