በሊኑክስ ድራይቨር ውስጥ የኢንተራፕትን ችግር ስለ መመርመር

ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ መሣሪያ ሥራውን ሲጨርስ ወይም አዲስ መረጃ ሲደርሰው ፕሮሰሰሩን በምልክት ይጠራል። ይህን ጥሪ ኢንተራፕት እንለዋለን። ፕሮሰሰሩም የያዘውን ሥራ ለአፍታ አቋርጦ በድራይቨሩ ውስጥ ወዳለው ጥሪ ተቀባይ ፋንክሽን ይሄዳል፤ ጉዳዩን ፈጽሞ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ድራይቨር መጻፍ የጀመረ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በዚህ መሄድና መመለስ ላይ ነው።

ምርመራችንን የምንጀምረው ኮዱን በማገላበጥ ሳይሆን በቆጠራ ነው። ሊኑክስ «ፕሮክ» በተባለው ማውጫ ውስጥ፣ «ኢንተራፕትስ» በሚል ፋይል፣ እያንዳንዱ ጥሪ በየፕሮሰሰሩ ስንት ጊዜ እንደ ደረሰ ያሳያል። መሣሪያውን እያሠራን ፋይሉን ደጋግመን እናንብብ። ቁጥሩ ከ0 ፈቀቅ ካላለ ወይ የመስመሩን ቁጥር ተሳስተናል፣ ወይ በካርዱ ላይ ጥሪን የሚፈቅደውን ቢት አልከፈትንም።

አስቸጋሪው ቁጥሩ እንደ ጎርፍ ሲጨምር ነው። በቆየው የፒሲአይ አሠራር መሣሪያው ጥሪው እስኪሰረዝለት ድረስ ምልክቱን አያነሣም። ፋንክሽናችን የመሣሪያውን ሬጅስተር ሳያጸዳ ከተመለሰ ፕሮሰሰሩ ወዲያው እንደገና ይጠራል፤ ማሽኑም ሌላ ሥራ መሥራት ይሳነዋል። ከርነሉ ለዚህ መከላከያ አለው፦ ከ100,000 ጥሪዎች ከ99,900 በላይ የሚሆኑት ባለቤት ካጡ «ኖባዲ ኬርድ» ማለትም «ግድ ያለው የለም» የሚል መልእክት ጽፎ መስመሩን ይዘጋል። መስመሩን የሚጋራ ሌላ ካርድ ካለ እርሱም አብሮ ዝም ይላል። እኛም አንድ ጊዜ ጤነኛ የኔትወርክ ድራይቨር ስንመረምር ውለን ጥፋተኛው ጎረቤቱ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከዚህ የሚብሰው ማንኛውንም ጥሪ «የእኔ ነው» ብሎ የሚመልስ ፋንክሽን ነው። ከርነሉ የሚቆጥረው ይህንኑ መልስ ስለሆነ መከላከያው ይታለላል፤ ማሽኑ ያለ አንዳች መልእክት ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ፋንክሽኑ አስቀድሞ የመሣሪያውን የሁኔታ ሬጅስተር ማንበብ፣ ጥሪው የእርሱ ካልሆነም «አይአርኪው ነን» ብሎ መመለስ ይገባዋል።

ሬጅስተሩን አጽድተንም ባለቤት የሌለው ጥሪ አልፎ አልፎ ቢታይስ? በፒሲአይ ላይ የጻፍነው ትእዛዝ በድልድዩ ቺፕ ውስጥ ጥቂት ሊዘገይ ይችላል። ከጻፍን በኋላ ያንኑ ሬጅስተር መልሰን ብናነብ ንባቡ የዘገየውን ጽሑፍ ከፊቱ ገፍቶ ያደርሰዋል።