ግራፍን በካርቶን እየገፉ መሣል

ዋይ = −(ኤክስ − 3)² + 4 የሚል ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ተማሪ ሰንጠረዥ አስምሮ ነጥብ መልቀም ይጀምራል። ስህተት አይደለም፤ ፈተና ላይ ግን ሰዓት ይበላል። አንድ ቁራጭ ካርቶን ይሻላል።

መጀመሪያ ባለካሬ ወረቀት ላይ የዋይ = ኤክስ²ን ግራፍ ሣሉ። (0፣ 0)፣ (1፣ 1)፣ (−1፣ 1)፣ (2፣ 4) እና (−2፣ 4) ይበቃሉ። ያንኑ ቅርጽ ካለቀ ደብተር ሽፋን ላይ ቁረጡና ጫፉን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት።

አሁን ካርቶኑን 3 ካሬ ወደ ቀኝ ግፉ። ሁሉም የሚደናገረው እዚህ ነው፤ «ሲቀነስ 3» እያለ እንዴት ወደ ቀኝ? መልሱ በሰዓታችን ውስጥ አለ። የደብረ ወርቅን የአንድ ቀን ሙቀት በፈረንጅ ሰዓት መዘገብን፣ ከፍተኛውም 15 ሰዓት ላይ ሆነ እንበል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የፈረንጁን ግራፍ ኤፍ ካልነው የእኛው ኤፍ(ሰ + 6) ይሆናል፤ 9 ስናስገባ 15 እንዲወጣ 6 መደመር አለብን። ደመርን፤ ጉብታው ግን ከ15 ወደ 9፣ ማለትም ወደ ግራ ሄደ። ፀሐይዋ ንቅንቅ አላለችም፤ የተቀየረው የሰዓቱ አቆጣጠር ነው። ከኤክስ ጋር ቅንፍ ውስጥ የገባ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ሲደመር ወደ ግራ፣ ሲቀነስ ወደ ቀኝ።

ከቅንፉ ፊት ያለው የመቀነስ ምልክት ግራፉን ይገለብጣል። ካርቶኑን ምጣድ ላይ እንዳለ ቂጣ በኤክስ መስመር ላይ ገልብጡት። ጫፉ (3፣ 0) ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ክንዶቹ ወደ ታች ይወርዳሉ።

በመጨረሻ 4 ካሬ ወደ ላይ ግፉት። ከቅንፍ ውጭ ያለ ቁጥር አያታልልም፤ ሲደመር ወደ ላይ፣ ሲቀነስ ወደ ታች ነው። ጫፉ (3፣ 4) ላይ ያርፋል፣ ግራፉም የኤክስን መስመር 1 እና 5 ላይ ይቆርጣል። 1ን አስገብታችሁ ሞክሩት፦ −(−2)² + 4 = 0።

ቅደም ተከተሉን ግን አትለዋውጡ። 4 ከፍ አድርጋችሁ ከገለበጣችሁት ጫፉ (3፣ −4) ላይ ይወርዳል፤ ያ ሌላ ፋንክሽን ነው።

የመቀነስ ምልክቱ ኤክስ ላይ ብቻ ካረፈስ? ግራፉ በዋይ መስመር ላይ ይገለበጣል። ኤክስ² ግራ ቀኙ እኩል ስለሆነ ለውጡ አይታይበትም፤ √ኤክስን ውሰዱ። √(−ኤክስ) ስትሉ (4፣ 2) ላይ የነበረው ነጥብ (−4፣ 2) ላይ ይገኛል።