ያልተነበበው መጽሐፍና የችኩል ፈቺዎች ስህተት



ውድ እህት ወንድሞቻችን፣ ባለፈው ሰሞን በጀማዓችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ቪዲዮ ተዟዙሮ ነበር። «ለስድስት መቶ ዓመት ማንም ያላነበበው መጽሐፍ በዐረብኛ የተጻፈ መሆኑ ተረጋገጠ» ይላል። ብዙዎቻችን «ማሻአላህ» እያልን ለሌሎች አስተላለፍነው። አንዲት እህታችን ግን «በምን ማስረጃ?» ብላ ጠየቀች። መልስ ያለው ሰው አልተገኘም። ቪዲዮውን ካስተላለፍነው መካከል እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆችም ስላለንበት የዚህን እትም ትምህርት በእሷ ጥያቄ ላይ አደረግን።

መጽሐፉ ምንድን ነው?

መጽሐፉ «የቮይኒች ጽሑፍ» ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1912 ጣሊያን ውስጥ ከጀስዊት ካህናት ከገዛው የመጻሕፍት ነጋዴ ከዊልፍሪድ ቮይኒች ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዛሬ የሚገኘው አሜሪካ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ የባይኔኪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። 240 ያህል የብራና ገጾች አሉት። በውስጡ ምንነታቸው ያልታወቀ ዕፀዋት፣ የከዋክብት ክበቦችና በውሃ ውስጥ ያሉ ሴቶች ተሥለዋል። ጽሑፉ የተጻፈበት ፊደል ሌላ ቦታ አልተገኘም። ብራናው በ2009 በካርቦን ሲመረመር ከ1404 እስከ 1438 ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል።

ምስጢር ጽሑፍን በዘዴ የመፍታት ዕውቀት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበረው አል-ኪንዲ ስለዚህ ጉዳይ ሪሳላ ጽፏል። ቅጂውም ኢስታንቡል በሚገኘው የሱለይማኒያ ቤተ መጻሕፍት ተገኝቷል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ በአንድ ቋንቋ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ትቆጥራለህ፤ በምስጢሩ ጽሑፍ ውስጥ ያሉትንም ምልክቶች ትቆጥራለህ፤ ከዚያ ሁለቱን ታነጻጽራለህ። በዐረብኛ አሊፍና ላም በብዛት ይመጣሉ። ስለዚህ በቀላል መንገድ በተመሰጠረ የዐረብኛ ጽሑፍ በብዛት የሚታዩት ምልክቶች የእነሱ ምትክ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ አል-ኪንዲ ከግምቱ በፊት ቆጠራውን አስቀደመ። ከዚህ በታች የምናያቸው ስህተቶች በአብዛኛው ይህን ቅደም ተከተል ከመገልበጥ የመጡ ናቸው።

አንደኛ፦ መልሱን ይዞ መነሳት

በአሜሪካ የፍልስፍና ፕሮፌሰር የነበረው ዊልያም ኒውቦልድ በ1921 መጽሐፉን ፈታሁ አለ። ጸሐፊው የ13ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ሮጀር ቤከን ነው ብሎ ያምን ነበር። ፊደሎቹን በማጉያ መነጽር ሲያይ ጥቃቅን ጭረቶች ተመለከተና እያንዳንዱን ጭረት እንደ ስውር ፊደል ቆጠረው። በ1931 ጆን ማንሊ የተባለ ምሁር ነገሩን መረመረ። ጭረቶቹ ቀለሙ በብራናው ላይ ሲደርቅ የተሰነጣጠቀበት ምልክት ነበሩ። ኒውቦልድ አታላይ አልነበረም፤ የተማረና ቅን ሰው ነበር። ያሳተው የሚፈልገውን አስቀድሞ ማወቁ ነው። የእኛም ቪዲዮ ልባችንን የነካው «ዐረብኛ ነው» ስላለ ነበር። «ላቲን ነው» ቢል ኖሮ ማስረጃ እንጠይቅ ነበር።

ሁለተኛ፦ ለራስ ብዙ ነጻነት መስጠት

አንዳንድ ፈቺዎች «አናባቢዎቹ ተትተዋል፤ ፊደሎቹም በየቃሉ ውስጥ ተዘበራርቀዋል» ይላሉ። ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በአማርኛ እንሞክረው። ክ፣ ብ እና ር የሚሉ ሦስት ፊደሎች ተሰጡን እንበል። ቅደም ተከተሉንም አናባቢውንም እንደፈለግን ካደረግን ክብር፣ ብርክ፣ ርካብ፣ ከበሮ ማለት እንችላለን። ወደ ዐረብኛ ከዞርን ደግሞ ከቢር (ትልቅ) ወይም ረኪበ (ጋለበ) ይወጣል። ከሦስት ፊደል ይህን ያህል ከተገኘ፣ ከአንድ መስመር የፈለግነውን ዓረፍተ ነገር ማውጣት አያቅተንም። እንዲህ ያለው ሰው የራሱን ሐሳብ እየጻፈ ነው እንጂ መጽሐፉን እያነበበ አይደለም።

ይህ ፈተና ባለሙያንም አይምርም። በ2016 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር አነጻጽረው ቋንቋው ዕብራይስጥ ሊሆን ይችላል የሚል ግምት አቀረቡ። ግምቱ ፊደሎቹ ተዘበራርቀዋል፣ አናባቢዎቹም ተትተዋል በሚል መነሻ ላይ የቆመ ነበር። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ትርጉም ለማግኘትም የፊደል እርማት አድርገው የጉግል መተርጎሚያን ተጠቀሙ። ጉዳዩን የሚያውቁ ሌሎች ምሁራን አልተቀበሉትም።

ሦስተኛ፦ ጥቂት ቃል አንብቦ «ተፈታ» ማለት

አንድ ሰው የዕፅ ሥዕል ያያል፤ ከጎኑ ያለውን ቃል የዚያ ዕፅ ስም ያደርገዋል፤ አሥር ቃል ካገኘ በኋላ መግለጫ ያወጣል። እውነተኛ ቁልፍ ግን ያልተሠራበትን ገጽም ይከፍታል። ሌላ ሰው ያንኑ ቁልፍ ይዞ አዲስ ገጽ ሲያነብ ተመሳሳይ ትርጉም ማግኘት አለበት። በ2019 መጽሐፉ በጥንታዊ የሮማንስ ቋንቋ ተጽፏል የሚል ጥናት ወጥቶ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ዜናውን አሰራጭቶ ነበር። የዘርፉ ሊቃውንት ጥርጣሬያቸውን ሲገልጹ ዩኒቨርሲቲው ራሱን ከጥናቱ አራቀ። ዩኒቨርሲቲም ሳያጣራ ያስተላልፋል ማለት ነው።

አራተኛ፦ የጽሑፉን ጠባይ አለማየት

ይህ ጽሑፍ የራሱ ጠባይ አለው። አንዳንድ ምልክቶች የሚመጡት በቃል መጀመሪያ፣ ሌሎቹ በቃል መጨረሻ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። አንድ ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሚደገምበት ቦታ አለ። በ1970ዎቹ ፕሬስኮት ከሪየር እንዳሳየውም በቆጠራ የሚለያዩ ሁለት ዓይነት የአጻጻፍ ጠባዮች አሉ። «ፈታሁ» የሚል ሁሉ እነዚህን ማስረዳት ይኖርበታል። የእኛ ቪዲዮ ደግሞ ከዚህ የቀለለ ጥያቄም አልመለሰም። መስመሮቹ ከግራ ይጀምራሉ፤ የአንቀጾቹም የመጨረሻ መስመር በቀኝ በኩል ሳይሞላ ይቀራል። ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ ዐረብኛ ለምን እንዲህ ሆነ?

ታዲያ ባለሙያ ያልሆነ ሰው አይሞክር?

ይሞክር። ማይክል ቬንትሪስ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ነበር። በ1952 «ሊኒየር ቢ» የተባለውን የቀርጤስና የግሪክ ጥንታዊ ጽሑፍ ፈታ። ለዓመታት ቋንቋው ከኤትሩስካን ጋር የተዛመደ ይመስለው ነበር። ምልክቶቹን በሠንጠረዥ ደርድሮ ሲመረምር ግን ግሪክኛ ወጣ፤ የቀድሞ ሐሳቡንም ተወ። ኋላ ከፒሎስ የተገኘ፣ የዕቃ ሥዕሎች ያሉበት የሸክላ ጽላት በእሱ ቁልፍ ሲነበብ ቃሉና ሥዕሉ ተስማሙ። እንግዲህ የሚለየው ዲግሪው አይደለም፤ ማስረጃ ሲመጣ የራስን ሐሳብ ለመተው መቻል ነው።

ይህ ጉዳይ ከቤታችንም ይገባል። በወሎ፣ በሐረርና በሌሎች አካባቢዎች ዑለማኦቻችን በዐጀም የጻፏቸው ኪታቦች አሉ፤ ፊደሉ የዐረብኛ፣ ቋንቋው ግን አማርኛ፣ ሐረሪ ወይም ኦሮምኛ ነው። ፊደሉን ብቻ አይቶ በዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሊፈታው የሚነሳ ሰው የኒውቦልድን ስህተት ይደግማል። ለዕረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ የአያት ኪታብ ካገኛችሁ ምንም ሳትጽፉበት በጥንቃቄ ፎቶ አንሱት፤ የማን እንደነበረና የት እንደተቀራ ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ ከዚያ በዚያ አካባቢ የቀሩ ሸይኽ ፈልጋችሁ አስነብቡ። ግምታችሁን ከማሰራጨት ይህ ይቀድማል።

ከማስተላለፋችን በፊት

አንድ «ግኝት» ሲደርሰን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ሌላ ሰው በዚሁ ቁልፍ አዲስ ገጽ አንብቧል? ቋንቋውን የሚያውቁ ሊቃውንት ምን አሉ? እኔስ የወደድኩት እውነት ስለሆነ ነው ወይስ ደስ ስላለኝ? በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ታዘናል፤ ወሬው ደስ የሚለን ሲሆን ትዕዛዙ አይነሳም። ኢማሙ ማሊክ ያን ያህል ዒልም ይዘው ለብዙ ጥያቄዎች «አላውቅም» ይሉ እንደነበር ይታወቃል።

ቪዲዮውን ለላክንላቸው ሰዎች «አጣርተን አልነበረም፤ መጽሐፉ እስካሁን አልተነበበም» ብለን መልሰን ጽፈናል። እናንተም ልካችሁ ከሆነ እንዲሁ አድርጉ።

ወላሁ አዕለም።