ስለ ቆሽት ነቀርሳ፤ በጊዜም ስለ ማወቅ

በአገራችን ሰው እጅግ የተናደደ እንደ ሆነ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ይህን አነጋገር ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ የለም። ነገር ግን ቆሽት በሰውነታችን ውስጥ በየት በኩል እንደሚገኝና ምን እንደሚሠራ የተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ መልስ ያጣል። ስሙ ለንዴት በየዕለቱ የሚጠራው ይህ የሰውነት ክፍል በነቀርሳ በተያዘ ጊዜ ግን ድምፁን ሳያሰማ ብዙ ዘመን ይቈያል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን የዚህን ደዌ ምክንያትና ምልክት በቦሌ፥ በየካና በለሚ ኩራ ለሚገኙ መምህራንና ለአንባቢያን ሁሉ ለመግለጥ አስበናል።

ቆሽት ምንድር ነው?

ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ፥ ከአከርካሪ አጥንት በፊት ተጋድሞ የሚገኝ ዕጢ ነው። ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሥራውም ሁለት ነው። አንደኛው፥ የበላነው ምግብ፥ ይልቁንም ቅባቱ፥ እንዲፈጭ የሚረዳውን ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት መላክ ነው። ሁለተኛው፥ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚቈጣጠረውን ኢንሱሊን ማመንጨት ነው። ከጉበት የሚወርደው የሐሞት ቱቦም ወደ አንጀት ሲገባ በቆሽት ራስ በኩል ያልፋል። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ኋላ ስለ ዓይን ቢጫነት የምንናገረው ከዚህ የተነሣ ነውና።

የበሽታው ምክንያት

ነቀርሳ ማለት የሰውነት ሕዋስ ሥርዐቱን ለቆ ያለ ልክ መባዛት ነው። በሽተኛውን በመጨበጥ ወይም በአንድ መሶብ አብሮ በመብላት አይጋባም። አንድ ሰው ለምን እንደ ተያዘ በርግጥ ለመናገር ብዙ ጊዜ ባይቻልም፥ አደጋውን የሚያበዙት ነገሮች ታውቀዋል። እነዚህም፦

ትምባሆ፤ የሚያጨስ ሰው ከማያጨሰው ይልቅ አደጋው እጥፍ ያህል ነው።
መጠጥ ማብዛት፤ ቆሽትን ለብዙ ዘመን ያቈስላል፤ ያረጀ የቆሽት ቍስልም ለነቀርሳ መንገድ ይከፍታል።
ከልክ ያለፈ ውፍረትና የቈየ የስኳር በሽታ።
ዕድሜ፤ በሽታው የሚበዛው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው።
ዘር፤ ወላጁ ወይም ወንድሙና እኅቱ በዚህ በሽታ የተያዙበት ሰው አደጋው ከሌላው ይበልጣል።

ዕድሜንና ዘርን መለወጥ አንችልም፤ የቀሩት ግን በእጃችን ናቸው። ከመገናኛ እስከ አያት፥ ከገርጂ እስከ ቡልቡላ ያለው አገር ትናንት እርሻና ግጦሽ ነበረ፤ ሰውም በእግሩ ይሄድበት ነበር። ዛሬ ግን ብዙው ሰው ቀኑን በወንበር፥ መንገዱን በመኪና፥ ምሽቱን በመጠጥ ቤት ያሳልፋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም ትምባሆ መሸጥን ያግዳል። ይህን ሕግ ለተማሪዎች ማስረዳት የመምህራን ድርሻ ነው። ሺሻም ቢሆን ጭሱ የትምባሆ ጭስ መሆኑን አብረው ይንገሯቸው።

ምልክቱ

አንድ የ58 ዓመት ሰው በኮተቤ ይኖራል እንበል። ከእምብርቱ በላይ ቀለል ያለ ሕመም ይሰማዋል፤ ሕመሙም ወደ ጀርባው ይዘልቃል። «ጨጓራ ነው» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ይገዛል። ቀበቶው ሲሰፋው ሥራ ያከሳው ይመስለዋል። ደሙን ሲመረምር ስኳር ይገኝበታል፤ በዘሩ ስኳር ያለበት ሰው ግን የለም። ከጥቂት ወራት በኋላ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ሽንቱ እንደ ሻይ ይጠቁራል፤ ዐይነ ምድሩ ይነጣል፤ ገላውንም ያሳክከዋል። ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደ ባህል መድኃኒት ይወስደዋል። እንዲህ እየተባለ ወራት ያልፋሉ።

ይህ ሰው በምሳሌ የቀረበ ይሁን እንጂ፥ መንገዱ ብዙ ሰው የሚሄድበት ነው። የዓይን ቢጫነት ብዙ ጊዜ ከጉበት ሕመም ይመጣል፤ ነገር ግን በቆሽት ራስ ላይ የበቀለ ዕጢ የሐሞቱን ቱቦ ሲጫነውም ይመጣል። ሕመም ሳይኖር ዓይን ቢጫ የሆነ እንደ ሆነ ይበልጥ ያሳስባል። የትኛው እንደ ሆነ በዓይን አይቶ የሚለይ የለም፤ ምርመራ ግን ይለያል።

የሊቃውንት ምርምር

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ500 ሺሕ የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ነቀርሳ መያዛቸው፥ 467 ሺሕ ያህልም መሞታቸው ተገምቷል። የሞቱት ቍጥር ወደ ተያዙት ቍጥር መጠጋቱ የበሽታውን ክፋት ያሳያል። ኢትዮጵያዊው ተወላጅ ዶክተር አህመዲን ጀማል ከባልደረቦቻቸው ጋር በሚያሳትሙት የአሜሪካ የነቀርሳ ዘገባ መሠረት፥ በዚያ አገር ከ100 በሽተኞች አምስት ዓመት የሚኖሩት 13 ያህል ናቸው። ዕጢው ከቆሽት ሳይወጣ ለተገኘባቸው ግን ቍጥሩ ከ40 ይበልጣል። በጊዜ የመድረስ ጥቅም ይህን ያህል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፥ ከመጀመሪያው የሕዋስ ጥፋት እስከ ነቀርሳ መሆን ቢያንስ አሥር ዓመት ያህል እንደሚያልፍ ገመተ። እንግዲህ ጊዜ አለ፤ የጎደለው በዚያ ጊዜ ውስጥ በሽታውን የሚያሳይ ቀላል መሣሪያ ነው። ሲኤ 19-9 የተባለው የደም ምርመራ በሽታ የሌለበትን ሰው ያስደነግጣል፤ ጅማሬውንም ብዙ ጊዜ ይስታል። ስለዚህ ምልክት ለሌለበት ሰው ሁሉ አይታዘዝም። በዘራቸው አደጋው ከፍ ላለባቸው ግን በውጭ አገር በኤምአርአይና ጫፉ አልትራሳውንድ በሆነ ቀጭን ቱቦ በየዓመቱ ክትትል ይደረግላቸዋል። ደግሞም ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የስኳር በሽታ ከተገኘባቸው ከ100 ሰዎች አንዱ ያህል በሦስት ዓመት ውስጥ ይህ ነቀርሳ እንደሚገኝበት ታውቋል። ስኳር የያዘው ሁሉ ሊፈራ አይገባውም፤ አዲሱ ስኳር ከመክሳት ጋር ከመጣ ግን ለሐኪም ይናገር።

በአዲስ አበባ የነቀርሳ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀመረ። በዚህ መዝገብ ከሁሉ በፊት የሚነሡት የጡትና የማሕፀን በር ነቀርሳ ናቸው፤ የቆሽት ነቀርሳ ከነዚህ ያነሰ ነው። ነገር ግን የሚያንስ በሽታ ሁሉ የሚናቅ አይደለም።

ምን ይደረግ?

ከላይ የገለጥናቸው ምልክቶች ከሁለት ሳምንት በላይ የቈዩበት ሰው፥ ዓይኑም ቢጫ የሆነበት ሰው ወዲያውኑ፥ በቀበሌው አጠገብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ በአልትራሳውንድና በሲቲ ስካን ይመረመራል። ዕጢው በጊዜ ከተገኘ በቀዶ ጥገና ይወጣል። የመዳን ተስፋ የሚገኘው ከዚህ ነው። የባህል መድኃኒት የሚሻ ሰውም ቢሆን አስቀድሞ ይመርመር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደ ተባለ፥ የሚያፍርና የሚዘገይ ሰው ራሱን ይጎዳል።

ለክፍል የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የቆሽት ሁለቱ ሥራዎች ምንና ምን ናቸው?
2. በቆሽት ራስ ላይ ዕጢ ሲበቅል ዓይን ቢጫ የሚሆነው ስለ ምንድር ነው?
3. አደጋውን ከሚያበዙት ነገሮች በእጃችን ያሉት የትኞቹ ናቸው?
4. በቤታችሁ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ቢኖር መጀመሪያ የት እንዲሄድ ትመክራላችሁ?

ተማሪዎች አራተኛውን ጥያቄ ወደ ቤት ወስደው ለአባትና ለእናታቸው እንዲያነቡላቸው መምህራንን እንለምናለን። ይህን ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የሚሻው ሰው ምናልባት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከቤት ተቀምጦ ይሆናልና። ሳይቃጠል በቅጠል።