ያልታደሰው የክላስ ፋይል

አንድ ተማሪ በጃቫ የጻፈው የፔንዱለም ፕሮግራም «አልታዘዝ አለኝ» ሲል አማከረኝ። ቋሚ ቁጥሮቹን በአንድ ፋይል፣ ስሌቱን በሌላ ፋይል አስፍሯል። የመሬት ስበትን ቁጥር ከ9.8 ለአዲስ አበባ ይበልጥ ወደሚቀርበው 9.78 ቢለውጥም፣ የ1 ሜትር ፔንዱለም የውዝዋዜ ጊዜ ያው 2.007 ሰከንድ ሆነበት። በዚህ ውጤት ሪፖርቱን ሊያስረክብ ነበር።

በ1995 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው በጃቫ ቋንቋ፣ ኮምፓይለሩ የጻፍነውን ኮድ ወደ ባይትኮድ ለውጦ በክላስ ፋይል ያስቀምጣል። ቨርቹዋል ማሽኑ የሚያነበውም ይህንኑ ፋይል እንጂ በኤዲተሩ የምናየውን ጽሑፍ አይደለም። (የማንኛውም ክላስ ፋይል የመጀመሪያ አራት ባይቶች በሄክሳዴሲማል «ካፌቤብ» ተብለው ይነበባሉ፤ የፈጣሪዎቹ ቀልድ ነው።)

ተማሪው በሚሠራበት ጂኒ በተሰኘው ኤዲተር ኤፍ8 የተከፈተውን ፋይል ኮምፓይል ያደርጋል፤ ኤፍ5 ደግሞ ያለውን ክላስ ፋይል ብቻ ያስኬዳል። ታዲያ ኤፍ8ን ረስቶ ይሆን? አልረሳም፤ የቋሚዎቹን ፋይል በሚገባ ኮምፓይል አድርጓል። ስሕተቱ ከዚህ የረቀቀ ነው። «ስታቲክ ፋይናል» ተብሎ በቀጥታ ዋጋ የተሰጠውን ቁጥር ኮምፓይለሩ በሚጠቀምበት ክላስ ፋይል ውስጥ ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ስለሆነም አሮጌው 9.8 በስሌቱ ክላስ ፋይል ውስጥ እንደተቀበረ ቀርቷል፤ አንዳች ማስጠንቀቂያም አልታየም።

የክላስ ፋይሎቹን በሙሉ አጥፍተን (የኮድ ፋይሎቹን እንዳታጠፉ ተጠንቀቁ!) ሁለቱንም እንደገና ኮምፓይል አደረግን። ውጤቱ 2.009 ሰከንድ ሆነ።